ለጥንቸል የሚሆን ድርቆሽ እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያዋን ጥንቸል ለልጆቹ ያመጣኋት ጊዜ "ድርቆሽ ግዛላት" ተባልኩና ሄጄ ገዛሁ። ወርቅ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ ላይ ለስለስ የሚል ነገር ነበር። ሻጩም "አንደኛ ነው፣ ላሞች ይወዱታል" አለኝ። ቤት አምጥቼ ሳጥኗ ውስጥ ቆለልኩላት። መጣች፣ አሸተተች፣ በፊት እግሮቿ ገፋ ገፋ አደረገችውና ላዩ ላይ ተኛች። በነጋታውም ተኛችበት። በሦስተኛው ቀን ገጠር ያደገ ጎረቤቴ አየውና ሳቀ። "ይሄ እኮ የጤፍ ጭድ ነው። አንተ ፍራሽ ነው የገዛህላት!"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ያንኑ ስህተት ሲሠራ አይቻለሁ። ጥፋቱን ሻጩ ላይ ብቻ መደፍደፍም አይገባም። የእኛ አገር የመኖ ገበያ የተዘረጋው ለላም፣ ለበግና ለጋሪ ፈረስ ነው። ስለ አንዲት ሁለት ኪሎ የማትሞላ ጥንቸል የሚጨነቅ ደንበኛ ለነጋዴው እንግዳ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚታይ ማወቅ ያለበት ገዢው ነው።

ካሮትና ጎመን አይበቃትም እንዴ?

አይበቃትም። ለጥንቸል ድርቆሽ እንጀራዋ ነው። ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ የካሮቱ ቅጠል ወጧ ነው። ካሮቱ ራሱ፣ ሙዙና ፖሙ ደግሞ ከረሜላ። በቀን ከምትበላው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ድርቆሽ ወይም ሣር መሆን አለበት። ልጆች ግን ከረሜላውን መስጠት ይወዳሉ፣ እሷም መቀበል ትወዳለች። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ለምን ድርቆሽ? አንዱ ምክንያት አፏ ውስጥ ነው፣ ሌላው ሆዷ ውስጥ።

ጥንቸል 28 ጥርስ አላት። ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። እንደ ጥፍር አስቡት። ጥፍር በመቁረጫ ይቆረጣል፣ የእሷ ጥርስ ግን የሚሞረደው በማኘክ ብቻ ነው። ረጅም ሣር ስታኝክ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄድ መጣ እያለ እንደ ወፍጮና መጅ ይፈጫል፤ ጥርስ በጥርስ ይሞረዳል። ዳቦና ካሮት ግን ሁለት ሦስቴ ቆርጠም ቆርጠም ተደርጎ ይዋጣል። ወራት ሲያልፉ የመንጋጋ ጥርሶቿ ጠርዝ እንደ እሾህ ይሾልና ምላሷንና ጉንጯን ይወጋል። ያኔ ለሃጯ ይዝረበረባል። ምግቡ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ ትመለሳለች። ርቧታል፤ ግን ያማታል።

ሆዷ ደግሞ ከላምም ከሰውም ለየት ያለ ነው። መጀመሪያ አንድ ቃል እንተርጉም፦ አሰር። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው ሆድ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው የተክል ክፍል ነው፤ የቅጠሉ ጅማት፣ የአገዳው ቃጫ። ጥንቸል ሣር ስትበላ አንጀቷ ረጅሙንና ሻካራውን አሰር ከደቃቁ ይለየዋል። ሻካራው እንደ መጥረጊያ አንጀቷን እየጠራረገና እየገፋ ያልፍና ክብ ደረቅ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁ ግን ትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ወዳለች ሰፊ ከረጢት ይመለሳል።

ያቺ ከረጢት ቡሃቃ ናት። በውስጧ እንደ እርሾ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፤ ደቃቁን ያቦኩታል፣ ፕሮቲንና ቪታሚን ይሠሩበታል። የቦካው ለስላሳና እርጥብ ኩስ ሆኖ ሲወጣ ጥንቸሏ አጎንብሳ ከምንጩ ትበላዋለች። አዎ፣ ትበላዋለች፤ አትደንግጡ፣ አትከልክሏትም። ጥንቸል ታመሰኳለች ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ እንደ በሬ ከሆዷ መልሳ አታኝክም፤ ግን አንዱን ምግብ ሁለቴ ትበላለች።

አሁን ቡሃቃው ውስጥ ስኳርና ዳቦ ድፉበት። እርሾው ይበላሻል፣ የማይፈለገው ተሕዋስ ይበዛል፣ ጋዝ ይሞላል። መጥረጊያው ሣር ደግሞ የለም፤ አንጀቱ ይቆማል። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፣ ስለዚህ የገባው መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ድርቆሽ የጎደለው ሆድ በአንድ ሌሊት ሊገድላት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ፉርሽካ ብቻ እየበላች የምታድግ ጥንቸል አውቃለሁ የምትሉ ትኖራላችሁ። ፉርሽካ ስታርች ይበዛዋል፣ አሰሩም የደቀቀ ነው፤ መጥረጊያ አይሆንም። እስኪበላሽ ድረስ የሚሠራ ነገር ብዙ ነው።

ድርቆሽና ጭድ ምንድን ነው ልዩነታቸው?

ድርቆሽ ማለት ሣሩ ገና ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ፣ በፀሐይና በነፋስ የደረቀ ነው። ጭድ ደግሞ ጤፉ ወይም ስንዴው ወይም ገብሱ ደርሶ፣ ታጭዶ፣ አውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ የሚቀረው አገዳ ነው። ተክሉ ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቷል፤ ፍሬውን ደግሞ ሰው ወስዶታል። ጭድ ለጥንቸል ማቅረብ በቆሎውን በልቶ ቆረቆንዳውን ለእንግዳ እንደ ማቅረብ ነው።

ላም ጭድ ትበላለች፣ ያውም የጤፍ ጭድ ከጭዶች ሁሉ የተሻለው ነው። ግን ላም አራት ክፍል ያለው ሆድ አላት፣ ከጭዱ ጋር ፉርሽካና ፋጉሎም ይሰጣታል። የቀረው የጭድ ደንበኛ ደግሞ ጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ነው። ስለዚህ ሻጩ "ጥሩ ጭድ ነው" ሲላችሁ አልዋሸም። ለእሱ ጥሩ ነው፤ ለግድግዳ።

በዓይን መለየት ቀላል ነው። ጭድ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቅጠል የለውም፣ አገዳው ክፍት ቱቦ ነው፣ በውቂያ ስለተቆራረጠም አጭር አጭር ነው። ድርቆሽ ውስጥ ቅጠል አለ፣ ቀጭን አገዳ አለ፣ የሣር ዛላ አለ፣ አረንጓዴም ፈዛዛ ቡኒም ይታያል። ዝንጉርጉር ነው። ጭድ ከገዛችሁ ግን አትጣሉት፣ መኝታ ይሆናል። በተለይ በሐምሌ ብርድ ሳጥኗ ውስጥ ወፈር አድርጋችሁ ብታነጥፉላት ደስ ይላታል፤ ብትቆረጥመውም አይገድላትም፣ ብቻ እንደ ምግብ አትቁጠሩት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ማሳው አረም ማጥፊያ ተረጭቶ ነበር ወይ? የስንዴና የጤፍ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ መርጨት የተለመደ ነው።

የትኛው ሣር ይሻላል?

ብዙ ሰው "ለጥንቸል የተፈቀደው ቲሞቲ የሚባል ሣር ብቻ ነው" የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ያነብና እዚህ አገር አጥቶት ተስፋ ይቆርጣል። ቲሞቲ ብርዳማ አገር የሚበቅል አንድ ሣር ነው፣ በቃ። ስሙም የሰው ስም ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ካስፋፋው ቲሞቲ ሃንሰን ከተባለ ገበሬ የመጣ። ጥንቸል የምትፈልገው ሣር ነው እንጂ ቲሞቲ አይደለም።

አዲስ አበባ የሚገባው ድርቆሽ አብዛኛው ተዘርቶ የበቀለ አይደለም። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታና በዙሪያው ሜዳ ላይ፣ ክረምቱን ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ የቆየ የተፈጥሮ ሣር ነው። አንድ እስር ስትፈቱ ጋጃ፣ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ ሌላም ሌላም ተደባልቆ ታገኛላችሁ። ድብልቅ መሆኑ ለጥንቸል ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየመረጠች፣ እየጎተተች፣ እየፈለገች ትውላለች። ለሳጥን ውስጥ እንስሳ ይሄ ሥራ ነው፣ ካልሠራች የሳጥኑን እንጨት ትበላለች። ሰርዶን አታናንቁት፤ ውጭ አገር ቤርሙዳ እየተባለ በከረጢት የሚሸጠው እሱ ነው። ማገጥ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ፕሮቲን አለው፣ ጥቂት ሲኖርበት ድርቆሹን ያጣፍጠዋል።

እስሩ በሙሉ ሰንበሌጥ ከሆነ ግን ጣሪያ መክደኛ ነው የገዛችሁት። ሰንበሌጥ ቆይቶ ሲታጨድ አገዳው ይጠነክራል፣ ዛላው ላይ ያለው ጺምም ይወጋል።

ከተዘሩት ውስጥ ሮደስ የሚባለውን ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ቀጭን ነው፣ ቅጠላም ነው። ፍሬው ሳይጠና በአረንጓዴው የታጨደ አጃም ግሩም ነው፣ ጥንቸሎች ዛላውን እየፈለጉ ይበሉታል። የዝሆን ሣር ግን ሲደርቅ አገዳው ዱላ ይሆናል። ቅጠሉን ትበላና እንጨቱን ትተውላችኋለች።

የበዓል ቄጠማስ? አንዳንድ ሰው ወለል ላይ ተጎዝጉዞ የዋለውን ሰብስቦ ለጥንቸሏ ይሰጣል። እኔ አልሰጥም። ስንት ጫማ እንደረገጠው፣ የት ወንዝ ዳር እንደታጨደ አይታወቅም፤ በከተማው ወንዞች ውስጥ የሚፈሰውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አልፋልፋ ብሰጣትስ? ውድ ነው፣ ምርጥ ነው ይሉኛል

ውድነቱ እውነት ነው። ምርጥነቱ በዕድሜ ነው የሚወሰነው። አልፋልፋ ሣር አይደለም፤ እንደ ማገጥ ሁሉ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው፣ ካልሲየሙም ከሣር በብዙ ይበልጣል። ላም ወተት እንድትሰጥ ይሄ ያስፈልጋታል። ስድስት ሰባት ወር ላልሞላት፣ አጥንቷ ገና ለሚያድግ ጥንቸልም ያስፈልጋል። ላረገዘችና ለምታጠባም እንዲሁ።

ለአዋቂ ጥንቸል ግን ሌላ ጣጣ አለ። እኛ ካልሲየም ብናበዛ ሰውነታችን የሚፈልገውን ያህል ወስዶ የቀረውን ይተወዋል። የጥንቸል አንጀት እንዲህ አይመርጥም፤ ያገኘውን ወደ ደም ያስገባል፣ ትርፉን ኩላሊት በሽንት እንዲያስወጣ ይተዋል። ሽንቷ ኖራ የተበጠበጠበት ውሃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ትንሽ ነጣ ማለቱ ጤነኛ ነው። እየወፈረ እንደ ሊጥ ሲሆን፣ ስትሸና ስታምጥ ካያችኋት ግን ፊኛዋ ውስጥ ዝቃጭ ወይም ጠጠር እየተሠራ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ሽንቷ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ቢታይ ሁልጊዜ ደም አይደለም፤ ከምትበላው ተክል የሚመጣ ቀለም ነው ብዙውን ጊዜ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልጆቹን ደብቄ ወደ ሐኪም ሮጬ ነበር።

ስለዚህ አዋቂ ከሆነች አልፋልፋ በሳምንት አንዴ በጣት የምትያዝ ያህል፣ ለማባበያ። ባህረ ሰላጤ አገራት ያላችሁና በምትሠሩበት ቤት የልጆቹን ጥንቸል የምትመግቡ እህቶች ደግሞ ልብ በሉ፤ እዚያ በርሲም ብለው የሚሸጡት አልፋልፋ ነው። የሮደስ ድርቆሽም እዚያ አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ገበያ ላይ ምን ልይ?

መጀመሪያ ወሩን። ሣር ክረምቱን አድጎ ዛላ ማውጣት ሲጀምር ነው ቅጠሉም አሰሩም ሚዛን ላይ የሚሆነው። ያኔ ግን ዝናቡ አልወጣም። ገበሬው መስከረም ላይ ቢያጭደው ሜዳ ላይ ሳይደርቅ ዝናብ ይመታውና ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ፈርቶ እስከ ታኅሣሥ ቢያቆየው ደግሞ ፍሬው ይረግፋል፣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ የሚቀረው አገዳ ብቻ ነው፤ በሌላ አነጋገር ራሱ ጭድ ወደ መሆን ይሄዳል። ጥሩው ድርቆሽ ዝናቡ እንደቆመ፣ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ የታጨደው ነው። የሚረክሰውም በዚያ ሰሞን ነው፤ ወደ ክረምት በተጠጋን ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ጥራቱ ይወርዳል። "መቼ የታጨደ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ወሩን ከነገራችሁ፣ ቦታውንም ከጨመረላችሁ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ ቀለሙን። ብሩህ አረንጓዴ ብቻ ነው ጥሩ ማለት አይደለም። ከእስሩ ውጭ ያለው ፀሐይ አግኝቶት ሊገረጣ ይችላል፤ ቪታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ይቀንሳል እንጂ አሰሩ እንዳለ ነው። ውስጡን ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ ወደ አረንጓዴ ካደላ ደህና ነው። ጥቁር ቡኒ ወይም ነጭና ግራጫ ነጠብጣብ ካለው ግን አትደራደሩ።

አፍንጫችሁን አስጠጉ። ጥሩ ድርቆሽ ሻይ ቅጠል ሻይ ቅጠል፣ መስክ መስክ ይሸታል። የታፈነ ጓዳ፣ እርጥብ ካልሲ የሚሸት ከሆነ ሻግቷል፣ ባታዩትም። ከዚያ አንድ እፍኝ አውጡና አራግፉ። ትንሽ ብናኝ ይኖረዋል፣ የመሬት ነገር ነው። ደመና ከተነሳ፣ እናንተንም ካስነጠሳችሁ፣ ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን እዚያ ውስጥ ቀብራ የምትውለውን አስቡ። የጥንቸል አፍንጫና ሳንባ ስስ ነው።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምታውቁት። አንድ እፍኝ ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት። የደረቀ ድርቆሽ ጥቂት ጊዜ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ሳይሰበር እንደ ገመድ እየተጠቀለለ ከሄደ ገና አልደረቀም። ድርቆሽ ሲታሰር እርጥበቱ ከ15 እስከ 18 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚመከረው፤ ከዚያ ካለፈ መሐሉ ይቦካል፣ ይሞቃል። እጃችሁን መሐል እስሩ ውስጥ ስትከቱ ሙቀት ከተሰማችሁ ተዉት። ሙቀቱ ሲበረታ ድርቆሽ ራሱን በራሱ ያቃጥላል፤ በየአገሩ ጎተራ የሚያቃጥለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እኔ የተሞኘሁት መሐሉን ባለማየቴ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ ድርቆሽ አለቀብኝና ያገኘሁትን ገዛሁ። ውጩ ንጹሕ፣ ጎኑ ንጹሕ። ቤት ሲፈታ መሐሉ ነጭ ሻጋታ ተሸምኖበት እንደ ፎጣ ተያይዟል። ስመልስለት "ከብት አይመርጥም እኮ" አለኝ። ገንዘቤም አልተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ እስሩን እንድከፍት ካልፈቀደ አንድ ብቻ ነው የምገዛው፣ ቤት ፈትቼ አይቼ ሌላውን እመለስበታለሁ።

የቀረው አረሙ ነው። ጭጎጎት፣ አሜኬላ፣ እሾህ ያለበት ድርቆሽ ዓይኗንና አፏን ይወጋል። ቅንጬ አረምን ግን ተለይቶ ማወቅ ይበጃል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ፋራምሲሳ የሚሉት፣ ትናንሽ ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ካሮት ቅጠል የሚመስል መጤ አረም ነው። ለእንስሳትም ለሰውም መልካም አይደለም፤ ሲነካ ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ ያስነጥሳል። አንዱን ለቅማችሁ ብትጥሉ ይቻላል፤ እስሩ ሞልቶት ከሆነ ግን አትግዙ። የወፍ ቆሎ ቅርንጫፍም እንደዚያው፣ መርዛማ ነው። ደግሞ ሲባጎውንና ሽቦውን ቁጠሩ። እስሩን ከፈታችሁ በኋላ የታሰረበት ያህል በሙሉ መጣሉን አረጋግጡ፤ ጥንቸል ሲባጎ ትበላለች፣ ሲባጎ ደግሞ አንጀት ይቋጥራል።

ውጭ አገር ያለነውስ?

እናንተ ያለባችሁ ችግር ሌላ ነው፤ ምርጫ መብዛት። አሜሪካ ከረጢቱ ላይ አንደኛ አጨዳ፣ ሁለተኛ አጨዳ፣ ሦስተኛ አጨዳ የሚል ታነባላችሁ። እንደ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚቀጥን እንዳይመስላችሁ። አንዱ ማሳ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንተኛ ጊዜ እንደታጨደ ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው አጨዳ አገዳና ዛላ ይበዛዋል፣ ሻካራ ነው፣ አሰሩ ከፍ ያለ ነው፤ ጥርስ ለሚያስቸግራትና ለወፈረች ጥንቸል ይስማማል። ሁለተኛው አገዳና ቅጠሉ የተመጣጠነ ነው፣ ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ሦስተኛው ለስላሳ ነው፣ ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለምታኮርፍ ጥንቸል ጥሩ፣ ለጥርስ ግን ያን ያህል። ቲሞቲ የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ ኦርቻርድ የሚባለውን ሞክሩ፤ ለስለስ ይላል፣ ለጥንቸሏም እኩል ነው።

እዚህ አገር ቤት የዝናብ ሣር በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው። ስለዚህ እናንተ "ስንተኛ አጨዳ?" የምትሉትን እኛ "ስንተኛ ወር?" ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሣሩ ሲታጨድ ዕድሜው ስንት ነበር?

የእንስሳት መደብሩ ትንሽ ከረጢት ውድ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የፈረስ መኖ የሚሸጥበት ቦታ አንድ እስር ብትገዙ በኪሎ ሲሰላ በጣም ይረክሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በ2020 እ.ኤ.አ. ከኒው ሜክሲኮ አካባቢ ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የተዛመተ ጥንቸል ገዳይ የደም መፍሰስ በሽታ አለ። ቫይረሱ ደረቅ ነገር ላይ ለወራት ይቆያል። የዱር ጥንቸል የሚፈነጭበት ማሳ ድርቆሽ አታምጡ፣ ክትባቱንም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስንት ልግዛ? የት ላስቀምጥ?

መለኪያው ቀላል ነው፤ በቀን የጥንቸሏን ሰውነት የሚያህል ጉብታ። 2 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ጥንቸል በቀን 100 ግራም አካባቢ ትበላለች፣ የምትበትነው ሌላ ነው። 15 ኪሎ የሚሆን እስር ብክነቱን ጨምሮ ሦስት አራት ወር ያደርሳታል። በጥቅምት ሦስት እስር የገዛ ሰው ዓመቱን አይጨነቅም ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት እስር የት ይገባል ካላችሁ ልክ ናችሁ። በግ የሚያስር ወይም ላም ያለው ጎረቤት ካለ ተካፈሉ፤ እናንተ ቅጠላሙን ትወስዳላችሁ፣ አገዳው ለእነሱ።

የምታስቀምጡት ፌስታል ወይም ክዳኑ ጥብቅ የሆነ በርሜል ውስጥ አይሁን፤ ያልባል፣ ይሻግታል። ማዳበሪያ ጆንያ ወይም አየር የሚያስገባ ካርቶን ይበቃል። ከወለሉ በእንጨት ወይም በጡብ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም ራቅ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። አይጥ ከሸናበት ጣሉት፤ እንባ አያስፈልገውም።

ስትሰጧት ደግሞ መሬት ላይ አትበትኑት። ትንሽ ግርግም ሥሩላት፤ አሮጌ የሽቦ ዘንቢል ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ይበቃል። ከሥሩ የምትጸዳዳበትን ዕቃ አድርጉ። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች፣ እናንተም መጥረግ ይቀንስላችኋል።

እምቢ ብትልስ?

መጀመሪያ ጥፋቱን ከእናንተ ፈልጉ። ከረሜላው በዝቶ ይሆናል። ፖምና ዳቦ ሲቀርብለት እንጀራ የሚበላ ልጅ የት አለ? ፉርሽካውንና ፍራፍሬውን በሳምንት በሁለት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ በአንድ ቀን አትቁረጡ። አዲስ እስር ስትጀምሩም ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ ይሁን። ድርቆሹን ጠዋትና ማታ አድሱት፤ ያሸተተችውንና የረገጠችውን አትበላም፣ ኩራተኛ ናት። ትንሽ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ጣል አድርጉበት የሚሉ አሉ። በሶብላውን ሞክሩ፣ ጤና አዳሙን ተዉት፤ እሱ ለቡናችሁ ይሁን።

ክረምት ላይ ትኩስ ሣር እያለ ድርቆሽ ለምን ለሚል፦ ትኩስ ሣርም ያው ሣር ነው፣ ውሃ ያለው። ከመንገድ ዳርና ውሻ ከሚውልበት ካልሆነ ስጧት፣ ከትንሽ ጀምራችሁ። በማሽን የታጨደ የግቢ ሣር ቁልል ግን ወዲያው ይሞቃል፣ ይቦካል፤ እሱ አይሆንም።

በጠጧን በየጠዋቱ እዩ። ክብ፣ ደረቅ፣ ሲሰበር ውስጡ የሣር ቃጫ የሚታይበት ከሆነ ድርቆሹ ሥራውን ሠርቷል። እያነሰ፣ እየጠቆረ፣ እንደ ጠብታ እየሾለ ከመጣ አሰር ጎድሏታል። ጭራሽ ከሌለ፣ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ጥርሷን የምታፋጭ ከሆነ፣ ለ12 ሰዓት ያህልም ምንም ካልቀመሰች፣ ያን ጊዜ የድርቆሽ ዓይነት መቀያየር አይጠቅማትም። "ነገ ትበላ ይሆናል" ብላችሁ አታሳድሯት፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ።